ጥለት የሌለው ቅጠል

በአሰላ ውሃ ብርቅ አይደለም። ጭላሎ ደመናውን ከተከናነበ ክረምቱ በቶሎ አይለቅም። ወይዘሮ በቀለች ያን ተክል የገደሉት ግን በዝናብ አይደለም፤ በጠበል ነው።

ተክሉን ከናዝሬት ያመጣችው ኢተያ ታስተምር የነበረችው አንድ ልጃቸው አይናለም ናት። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ መሐሉ እንደ እባብ ቆዳ የተዥጎረጎረ፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ ነበር። «ጥለት ለብሷል እኮ፣ እማዬ!» ትል ነበር። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሳንባዋን ታማ ስትተኛ፣ ከነጣሳው ራስጌዋ አስቀመጡላት።

በየማለዳው ጠበል ይቀዱላታል። ሁለት ጉንጭ ከጠጣች በኋላ የተረፈውን ምን ያድርጉት? ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም። ከተክሉ ላይ ያፈሱታል። ነሐሴ ላይ አይናለም አረፈች፤ እሳቸው ግን ማፍሰሱን አልተዉም። እሳቸውንም ሳል ጀምሯቸው ነበር፤ «ለኔ ምን ሊያደርግልኝ» እያሉ ጠብታ ሳይቀምሱ ሁሉን ለተክሉ ሰጡት።

ጥቅምት ላይ ቅጠሎቹ ከሥራቸው ለስልሰው ተጋደሙ። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ጠይባ መጥታ አፈሩን በጣቷ ቆፈር አድርጋ አሸተተች።

«ሥሩ በስብሷል፣ እትዬ።»

«ጠበሉ እሷንም አላዳነልኝ፤ ይኸው ይኼንንም ገደለብኝ!» አሉ። ከአፋቸው በወጣው ቃል ራሳቸው ደነገጡ፤ ግን አላማተቡም።

«ኧረ እንዲህ አይበሉ! ጠበሉ ምን አደረገ? ማርም ሲበዛ ይመራል። ይሄ የቆላ ተክል ነው፤ ጥም ይችላል፣ ውሃ አይችልም።»

ጠይባ ደህና የቀረውን አንድ ቅጠል በቢላ ቆረጠች። ቁርጡ እስኪደርቅ ሳምንት መስኮት ላይ አቆየችውና፣ ታቹን ወደ ታች አድርጋ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከለችው። «እኔ ካላጠጣሁት እርስዎ ጠብታ እንዳያስነኩት» ብላ አስማለቻቸው።

ለወይዘሮ በቀለች ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። ይህ ቅጠል ከሞተ ልጃቸውን ሁለተኛ ሊቀብሩ ነው። በየማለዳው የጠበሉን ጠርሙስ ያነሣሉ፣ እያሳሉ መልሰው ያስቀምጣሉ። ጠይባ በወር አንዴ ብቅ ብላ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ገና አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ቅጠሉ አልሞተም፣ አልበቀለምም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ከአሸዋው ሹል ነገር ብቅ ብሎ አገኙ። ጠይባን ጮኸው ጠሩ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። አረንጓዴ ነው፣ ዝንጉርጉር ነው፤ ቢጫ ግን የለውም።

«ሲያድግ ይመጣ ይሆን?»

«አይመጣም፣ እትዬ። ጥለቱን የሚያወጣው ከነሥሩ ቢከፈል ነበር። ከቅጠል የበቀለው አያወጣም።»

«ይኼን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ብነግርዎ አይጠብቁም ነበር።»

ወይዘሮ በቀለች በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። አይናለም እንደማትመለስ በቀብሯ ዕለት ያልገባቸው አሁን ገባቸው፤ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲበቃቸው ጠርሙሱን አነሡ። ጠይባ እጃቸውን ልትይዝ ብድግ አለች።

«ተይኝ፣ ለሱ አይደለም» አሉና አማትበው ራሳቸው ጠጡት።