በምድጃ የደረቀው አፈር

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ወንበር ያልደረሰው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይበል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

መንገድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የአፈር ምርመራ ክፍል ረዳት ነበርኩ። አፈር አደርቃለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ እነፋለሁ። እጄ ከጭቃ ስለማይለይ «ጋሽ ጭቃ» ይሉኝ ነበር፤ በስሜ ቢጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ያን ዓመት መንገዱ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ደረሰ። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል፤ በላዩ የተነጠፈውን አስፋልት እንደ አሮጌ ጨርቅ ይቀደዋል። መሐንዲሳችን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ቀጭን ሴት፣ የእብነ በረድ ፋብሪካ አውጥቶ የሚደፋው ነጭ ዱቄት ቢቀላቀልበት እብጠቱ ይበርዳል አለች። ስንት እጅ ዱቄት? እሱን መርምሮ የሚናገረው የኔ ክፍል ነበር።

በመንገዱ መጨረሻ ታላቅ እህቴ ትኖራለች። እግሯ ታሞ በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። ክረምት ሲገባ መኪና ስለማይደርስላት አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ይሸከሟታል። «ለቀብሬ እየተለማመዱ ነው» እያለች ትስቃለች። ያ ሳቅ ግን እኔን አያታልለኝም።

ደመናው መሰብሰብ ጀመረ። የሚመረመረው አፈር ተሰጥቶ በነፋስ ቀስ ብሎ መድረቅ ነበረበት፤ አራት አምስት ቀን ይፈጃል። እኔ አላስችል አለኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ አፈሩን በጣቴ እነካለሁ፣ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። በመጨረሻ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ በማግስቱ ክው ብሎ ደረቀ። ውጤቱም አማረ፦ ከመቶ ስምንት እጅ ዱቄት ይበቃዋል። መሐንዲሷ ደስ ብሏት እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች። መኪኖችም ዱቄት ለመጫን ተላኩ።

እኔ ግን የሠራሁትን አውቀዋለሁ። መረሬ በምድጃ ሲበስል ጠባዩ ይሰበራል፤ ውሃ ቢያጠጡትም እንደ ልቡ አያብጥም። ይህንን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ። መንገዱ ሥር የሚተኛውን አፈር ታዲያ ማን ምድጃ ሊከተው ነው?

ሁለት ቀን ቢሮዋ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው መኪና ዱቄቱን ሲገለብጥ በመስኮት አየሁና ገባሁ።

«ልጄ፣ አፈሩን ያደረቅሁት በምድጃ ነው» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ?»

ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ሥራው ቆመ። በነፋስ ያደረቅነውን ስንመረምር ሃያ እጅ ዱቄት ጠየቀን። እሱ እስኪጣራ ዝናቡ ቀደመን፤ መንገዱ ለበጋ ተላለፈ።

እህቴ ከሌላ አፍ እንዳትሰማ ብዬ በዚያ ጭቃ በእግሬ ሄድኩ። ደጇ ላይ ሦስት ጎረምሶች ቃሬዛውን ይዘው ቆመዋል፤ አራተኛው ቀርቷል። ሁሉንም ነገርኳት፤ እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ።

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል?» አለችኝ። «ያንን ጫፍ ያዛ። ደግሞ ቀስ ብለህ ተራመድ፤ ችኮላህን አውቀዋለሁ።»

ተሸከምኳት። ጭቃው ጫማዬን እየሳበ፣ ትከሻዬ እየተቃጠለ፣ እሷ ከላይ ሆና «ግራ በል፣ ቀኝ በል» እያለችኝ ሐኪም ቤት ደረስን። ያን ክረምት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ አንደኛው ተሸካሚ እኔ ነበርኩ።

እናንተም ነገ ሥራ ላይ ሆናችሁ ቀናት መጠበቅ አላስችል ሲላችሁ፣ አደራችሁን፣ የእህቴን ክብደት አስታውሱልኝ።