ትልቁ ፊደል ለማን ይገባል

በአንድ ፊደል ምክንያት ሁለት ጊዜ መመለስ ይበቃ ነበር። ሰዐዲያና ሽመልስ ፈረስ መጋላ ሰፈር ካለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት የለፉበት ፕሮግራም ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችን ፈልጎ ያወጣል። አንድ የባሕር ማዶ ማኅበር በፕሮግራሞች ስብስቡ ሊያካትተው ፈቅዶ ነበር፤ ዳሩ ግን ትእዛዞቹን ከሚያስረዱት የእንግሊዝኛ የእርዳታ መልእክቶች ገሚሱ በትልቅ ፊደል፣ ገሚሱ በትንሽ ይጀምራል ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰው። ሁሉም በትንሽ ይጀምሩ አለ፤ የመጨረሻው ሰዓት ዛሬ ስድስት ነው። ካለፈ ሥራው ለዓመት ይቆያል።

ሰዐዲያ ትናንት አርባ ሦስቱንም መልእክቶች አስተካክያለሁ ብላ ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ስትከፍተው አሥራ አንዱ ተመልሰው ትልቅ ሆነዋል።

«ሽመልስ፣ ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ‹ሰርዝ› የሚለው ትእዛዝ የሰው ልፋት ያጠፋል፤ ‹ዘርዝር› ምን ያደርጋል? ሁለቱ እኩል ይቀመጡ? በእናንተ ባህላዊ ቤት መቀመጫው መደብ በማዕረግ አይደል እንዴ? ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከበሩ አጠገብ።»

«አቦ፣ ይህ ኮምፒውተር ነው። ለፊደል መደብ አንጥፍ ያለህ ማን ነው?»

«ታላቅን ማክበር ምን ይጎዳል?»

«ወላሂ፣ አንድ ዓመት ይጎዳል።»

እያጉረመረመች አሥራ አንዱን ዝቅ አደረገች። ዳግም እንዳትታለልም፣ በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን ሁሉ ለቅሞ የሚያግድ አጭር ኮድ ጻፈች። ኮዱ አንድ መልእክት አገደ። ሽመልስ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ የቁርኣን ቅጂዎችን ብቻ የሚያወጣው ትእዛዝ ነበር፤ መልእክቱም የሚጀምረው በዚያው ስም፣ በትልቅ ፊደል ነው። የጻፈችው ራሷ ናት፤ ትናንትም አይኗ እንደ ስሕተት አልቆጠረውም።

«ይህስ የት ይቀመጥ?» አለ ሽመልስ።

ጣቷ ወደ ፊደሉ ሄዶ ተመለሰ። ይህን ስም ዝቅ ማድረግ አልሆነላትም። ማኅበሩ መልእክቶቹን የሚፈትሽበት ማጣሪያ ደግሞ ምክንያት አይሰማም። ለስድስት አሥር ጉዳይ ነው። ከሁሉ ያናደዳት ሽመልስ አለመሳቁ ነበር።

«ትልቅ ሰው ብቻውን አይገባም፤» አለ ቀስ ብሎ፤ «ከፊቱ መንገድ የሚያስለቅቅ አለ። ‹አሳይ› የሚለውን ቃል ከስሙ አስቀድሚው።»

አስቀደመችው። ትንሿ ቃል ፊት ሆነች፤ ስሙም ከነክብሩ ተከተላት። ኮዱ ዝም አለ። ላከችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ «ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። ሰዐዲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም ሽመልስ መልእክቶቹን ማንበብ እንጂ መለወጥ እንዳይችል ፈቃዱን አነሳችበት። እሱም አጠገቧ ቆሞ ያይ ነበር።