ሁለት ጥቁር ጎን ለጎን

ነጩ የሚሉት ታናሽ ወንድም የቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ሞልቶ ወደ አዳራሹ ሲመለስ፣ ታላቅ ወንድሙ ተንበርክኮ አንድ ጥቁር ሴራሚክ በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ እየመታ ያስተካክል ነበር። ውሃ ልኩን ከላዩ ላይ አስቀመጠ፣ አየ፣ እንደገና መታ። አመታቱ እንደ ድሮው ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ከጎኑ የተነጠፈውም ጥቁር መሆኑ ነው።

ነጩ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ተራው የኔ ነበር እኮ።"

"የቱ?"

"ይሄ። አንተ አሁን አስቀመጥክ፣ ቀጥሎ ነጭ ነው።"

ታላቁ ሁለቱን ሴራሚኮች ተራ በተራ አያቸው። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው በስሙ ጠርቶ ሰላም ያለው ይመስል ፊቱ ላይ ግራ መጋባትና ይሉኝታ አንድ ላይ ታዩ።

"አንተ ያስቀመጥክ መስሎኝ" አለ በመጨረሻ። "ቆየህ መሰለኝ።"

ነጩ አልቆየም ነበር። ሲሚንቶው ገና ስላልያዘ ሁለተኛውን ጥቁር በመሮ ጠርዝ ፈልቅቆ አነሳውና ጀርባውን ጠርጎ ወደ ወንድሙ ክምር መለሰው።

ከሙያ ጓደኞቻቸው መካከል እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ታላቁ ጥቁሩ፣ ታናሹ ነጩ ይባላሉ። መልካቸውን ላየ ስሙ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁሩ ቀይ፣ ነጩ ደግሞ ጥቁር ነውና። "እናታችን ስም ስታወጣ መብራት ጠፍቶ ነበር" ይል ነበር ጥቁሩ፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር። ስሙ ግን የወጣው ከሥራቸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ታላቁ ጥቁሩን ብቻ ያነጥፋል፣ ታናሹ ነጩን ብቻ። አንዱ ወደ ሌላው ክምር እጁን አይሰድም። "ሁለት ክምር የለመደ እጅ ተራውን ይረሳል" የሚለው ሕግ የታላቁ ነው።

ከሴራሚኩ ጋር ግጥምም ይቀባበሉ ነበር። ነጩ አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ ጥቁሩ ሴራሚኩን ከማስቀመጡ በፊት ቤት አስመትቶ መመለስ አለበት። ካቃተው አሸዋ ይሸከማል። አሸዋ ሲሸከም ያየው ግን የለም። አንድ ጊዜ ነጩ፣

"ሥራ የለመደ እጅ ቦዝኖ ከዋለ፣"

ቢለው፣ አፍታም ሳይቆይ፣

"የገዛ ጉልበቱን እያከከ አለ"

ብሎ ጥቁር ሴራሚኩን ቁጭ አደረገው። ግድግዳ ለሳኞቹ ከመሰላላቸው ላይ ሆነው አጨበጨቡ።

ነጩ አሁን የራሱን ነጭ አስቀመጠና ወንድሙን በጎን አየው። ፈራ ተባ እያለ ወረወረ፦

"ዝናቡ ሳይመጣ ጣራውን ብንሠራ፣"

ጥቁሩ ጥቁር ሴራሚክ አነሳ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቱ በራና፣

"ዝናቡ ሳይመጣ ጣራውን ብንሠራ" አለ፤ ድል ያደረገ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብሎ ሴራሚኩን አስቀመጠ።

ነጩ ጎንበስ አለ። ዛሬ ጠዋት የወንድሙ ሚስት በር ድረስ ሸኝታቸው ስታበቃ እጁን ይዛ ያለችው ትዝ አለው። "እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትተወው። ሥራ የዋለ ቀን ማታ በስሜ ይጠራኛል። ቤት የዋለ ቀን ግን 'ሴትዮ' ነው የሚለኝ።"

የሥራው ኃላፊ ፎርማኑ ከምሰሶው ጥግ ቆሞ ሲያያቸው እንደነበረ ነጩ ያወቀው ሲጠራው ነው። ወደ ደጅ ይዞት ወጣ።

"በዋናው በር በኩልም ሁለት ጥቁር ጎን ለጎን አለ። እሱ ደርቋል። አየኸው?"

"አየሁት። እነቅለዋለሁ።"

"ትነቅላለህ፣ ትነቅላለህ። እስከ መቼ? እኔም ቤተሰብ አለኝ፣ ይገባኛል። ግን ይሄ አዳራሽ ነው፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው። ከነገ ጀምሮ ብቻህን ና። ጋሼ ይረፉ። ሌላ ሰው ከጎንህ አስቀምጥልሃለሁ።"

ነጩ በተከፈተው በር አዳራሹን አየው። ረጃጅም መስኮቶች፣ ምሰሶዎች፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄድ ጥቁርና ነጭ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የሰው መታጠቢያ ቤት ሲያነጥፉ ነው። "የኛን ሥራ የሚያየው ራቁቱን የቆመ ሰው ብቻ ነው" እያለ ጥቁሩ ይቀልድ ነበር። እንዲህ ያለ አዳራሽ ሲመኙ ኖረው አሁን መጣላቸው። ዘግይቶ መጣ።

ጥቁሩ ብቻውን ተንበርክኮ፣ አንድ ሴራሚክ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው ሰው ይጠብቃል። የሚሳሳተው ሲመልስ ነው፣ ሲል አሰበ ነጩ። መላሽ ይሳሳታል። ቀድሞ የሚጀምረውን ግን ማን ተሳሳትክ ይለዋል?

"በጓሮ ያሉትን ዕቃ ቤቶች ማን ይዟቸዋል?" አለ።

"ማንም። ከአዳራሹ በተረፈው ሴራሚክ እንደነገሩ ይሸፈናሉ። መደርደሪያ ነው የሚቆምባቸው፤ ማን ሊያየው?"

"ለእኛ ስጠን።"

"አዳራሹስ?"

"ለሌላ ስጠው።"

ፎርማኑ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። "አንተ ሰው፣ ዕድል በርህን አንኳኩታ ስትመጣ በጓሮ ትወጣለህ?"

"ዕቃ ቤቱም ያለው ጓሮ ነው" አለ ነጩ። መሳቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ክምሮች በጋሪ ወደ አንዱ ዕቃ ቤት አዞረ። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ብቻ። በሩ ገና መዝጊያ ስላልተገጠመለት በፈንታው የቆመውን የኮምፖንሳቶ እንጨት ነጩ ወደ ጎን አድርጎት ነበር የገቡት። ጥቁሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ኮሌታውን ሰበሰበ።

"ማነው በሩን ከፍቶ ብርዱን ያስገባብኝ?" አለ በቁጣ።

ግጥም ማለቱ አልነበረም። በርዶት ነው። ነጩ ግን የስንኝ ልክ ሰማበት፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ናቸው። ጉሮሮውን ጠርጎ መለሰ፦

"እኔ ነኝ ወንድምህ፤ ልዝጋው፣ አትቆጣብኝ።"

ጥቁሩ ቀና አለ። አንድ ነገር ያስታወሰ መሰለ። "ቤት መታ" አለ ብቻ፣ እንደ ዳኛ።

ነጩ ኮምፖንሳቶውን ወደ ቦታው መለሰ፤ ሲባጎውን ወጠረ፣ ሲሚንቶውን ዘረጋ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ተንበረከከ።

"ጀምር ጋሼ።"

"እኔ?"

"አዎ። ከዛሬ ጀምሮ ጀማሪው አንተ ነህ።"

ጥቁሩ ሁለቱን ክምሮች ብዙ አያቸው። ከዚያ እጁ ሄዶ ነጭ ሴራሚክ አነሳ። ጥጉ ላይ አስቀመጠው፣ በመዶሻው ቀስ አድርጎ መታው፣ ውሃ ልኩን አየ። ልክ ነበር። ፈቀቅ ብሎ ለወንድሙ ቦታ ለቀቀለት።

ታናሹ የለመደው ክምር በቀኙ ነበር። እጁ በልማድ ወደዚያ ሄደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር አነሳ።