የአመዴ ዓይን

ከአናጺው ሱቅ ጀርባ፣ ጣውላ በሚደረደርበት ግቢ ውስጥ፣ አመዴ የሚሉት ድመት ይኖር ነበር። ጸጉሩ አመድ የመሰለ፣ አፉ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ግን የማይቀልድ። አይጥ እያሳደደ፣ ከግቢው እንስሳት ጋር ክፉ ደግ ሳይነጋገር ይኖራል።

አንድ ቀን ገና ሲነጋጋ የእናት ዶሮ ጩኸት ግቢውን አናጋው። "ልጆቼን! ልጆቼን ፈጇቸው!" የዶሮ ቤቱ ወለል በደምና በላባ ተለውሷል። ዶሮ በጨለማ አታይ ነገር፣ ማን እንደገባ አላወቀችም። የተረፈው ጫጩት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

አመዴ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። አይጥ በልቶ መነሳቱ ስለነበር አፉ በደም ርሷል።

"ያውላችሁ!" አለ አውራ ዶሮው። "አፉን እንኳ ሳይጠርግ መጣ!"

"ጋሼ አውራ፣ የአይጥ ደም ነው። ጭንቅላቷ አናጺው ጠረጴዛ ሥር አለ፤ ሄዳችሁ እዩ።"

"ምን ያስኬደናል? ከዶሮ ቤቱ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አለች ፍየሏ።

"እኔን? እትዬ ፍየል፣ እኔን?"

ሌላ ቃል አላስተነፈሱትም። ውሻው ማጅራቱን ነክሶ እንደ ቡትቶ አራገፈውና መሬት ላይ አፈረጠው። ፍየሏ ተንደርድራ በቀንዷ ስትመታው የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። አውራው ደረቱ ላይ ወጥቶ ቀኝ ዓይኑን በመንቆሩ አፈሰሰው። እናት ዶሮ ደግሞ ቆማ "በለው! ድገመው!" ትላለች። ከሁሉም ያመመው ይሄ ነው።

አናጺው ብቅ ብሎ ደሙንና ላባውን ሲያይ "አንተ ሌባ!" ብሎ የጣውላ ቁራጭ ወረወረበት። አመዴ እየተንፏቀቀ የጣውላው ክምር ሥር ገባ።

እዚያ ተኝቶ ሞቱን ሲጠብቅ፣ አንድ ሽታ አፍንጫውን ወጋው። ጥጉ ላይ ሁለት ዓይኖች አበሩ። ሸለምጥማጥ! ሆዱ ተወጥሮ፣ ላባ ላይ ተጋድሟል፤ የጫጩት እግር እየቆረጠመ ነው።

"ጥሩ አድርገው ቀጠቀጡልኝ" ብሎ ሳቀ። "አይዞህ ወንድሜ፣ የቀረውንም ስበላው ባንተ ያላክኩልኛል።"

አመዴ ዘሎ ጉሮሮውን ያዘ። ሸለምጥማጡ ሆዱን ተረተረው፣ ጆሮውን ቦጨቀው፤ የጣውላው ክምር ላያቸው ላይ ተናደ። አመዴ ግን የአውሬው አንገት ቋ እስኪል ድረስ ጥርሱን አላላላም።

ከዚያም ወደ ኋላ እየጎተተ ግቢው መሃል አወጣው። የጫጩቷ እግር ከአውሬው አፍ ተንጠልጥላለች።

ሁሉም መጥተው ከበቡት።

"እኔ እንኳን... ያየሁት ጭራ ነበር" አለች ፍየሏ። "ጭራ ብቻ።"

ውሻው አንገቱን ደፋ። አውራው ጉሮሮውን ጠራርጎ "በቃ፣ ይቅር ተባባሉ" አለ።

"ማን ከማን ጋር ነው የሚባባለው?" አለች እናት ዶሮ በቁጣ። "እሱ ምን አደረገን?" ከዚያ አመዴ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። "በለው ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ሞተውብኝ ነው ብዬ አላመካኝም።"

አመዴ አላባረራትም። ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ሙቀቷን አልነፈገችውም፤ የተረፈውም ጫጩት ሆዱ ሥር እየተወሸቀ ያድር ጀመር።

ከአውራው ጋር ግን አልታረቁም። አውራው ሊያናግረው በቀረበ ቁጥር አመዴ በጠፋው ዓይኑ በኩል ይዞርለታል።