ብሎኑ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

እና ይቺ ቀይ ነጥብ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ብሎኑ አናት ላይ፣ የገዛ ሚስቱ ስልክ ውስጥ፣ ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ደግሞ ያያታል፣ ቀይ ናት፣ የጥፍር ቀለም ናት፣ በዚህ መንገድ ላይ የፈታውን ብሎን መልሶ ሲያስር የጥፍር ቀለም ጠብ የሚያደርግበት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማዶ ያለው፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ስልክ ስለሚፈታ ሰው ሁሉ ዶክተሩ የሚለው ጉረኛ፣ ምልክቴ ነው ይላል፣ ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ከነካው አውቃለሁ። እሺ። አሁን እኔም አወቅኩ።

ጠዋት ነው የሰጠችው፣ ሳፋ ውስጥ ገባብኝ፣ የደንበኞቼ ልክ በሙሉ እዚያ ነው፣ የሙሽሮቹም ሳይቀር፣ በናትህ አድንልኝ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስልኩ ከሞተ ሥራዋም አብሮ ሞተ፣ አታስቢ አላት፣ ባትሪውን ነቀለ፣ ቦርዱን በአልኮል አጥቦ በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፣ ነጥቧን አልኮሉ እንኳ አላነሳትም፣ አሁን የሚቀረው መድረቅ ብቻ ነው፣ እስከ ነገ፣ ሳይነኩ።

መቼ ነው ማዶ የተሻገረችው፣ እኔ የት ሆኜ፣ ባሏ ስልክ ጠጋኝ ሆኖ ሌላ ወንድ ስልኳን ይከፍትላታል፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቀለሙስ የማን ነው፣ እሷም ቀይ ትቀባለች፣ ባለፈው ጠርሙሱ ጠፋብኝ ብላ አልነበር፣ ብላለች፣ አላለችም፣ ብላለች። ትናንት ደግሞ ከሱቁ በር ላይ እጁን ሲያወዛውዝላት ሳቀች፣ ምኑ ያስቃል፣ ጋዋኑ ካልሆነ። አዎ ቀንቻለሁ፣ እና ምን ይጠበስ።

ስልኩ መብራቱ ሥር ተኝቷል። ሳይደርቅ አይበራም፣ ደንበኛን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ውሃ ከገባው በኋላ አብርተኸዋል፣ ኧረ በፍጹም ይላሉ፣ ሁሉም ይዋሻሉ፣ የተቃጠለው ቦርድ ያሳብቅባቸዋል። እሱ ግን ባለሙያ ነው፣ ለአንድ አፍታ፣ መልእክቶቿን ብቻ አየት አድርጎ ስልኩን መልሶ ለማጥፋት፣ ደርቆም ይሆናል እኮ፣ ባትሪውን ይሰካል፣ ማብሪያውን ይጫናል፣ ስክሪኑ ቦግ፣ ገና ምንም ሳያይ ድርግም፣ ቀጭን ጭስ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ወይኔ፣ ወይኔ ጉዴ፣ ጣቱ እየተለበለበ ባትሪውን ይነቅላል፣ ልኮቹ፣ ሙሽሮቹ፣ ሁሉም አለቀላቸው።

በሩ ይከፈታል። እሷ ናት፣ እንዴት ሆነልኝ፣ ከእሱ አፍ ግን የሚያመልጠው ሌላ ነው፣ ይህን ስልክ ከኔ በፊት ማን ነው የከፈተው፣ ጎንበስ ብላ ነጥቧን ታያለች፣ አትደነግጥም፣ እንዴ ዶክተሩ ነዋ፣ ያኔ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ፣ ላንተ ብሰጥህ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ ብዬ እኮ ነው፣ ቅናትህን የማላውቀው መሰለህ፣ ዛሬ ግን ይሁን አልኩ፣ ባሌ አይደል፣ ልመነው አልኩ።

ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። ከዚያ ታሸታለች፣ አንዴ፣ ደግማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው፣ አብርተኸዋል እንዴ፣

ኧረ በፍጹም፣ ይላል።