የጠበበው ሱሪ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሠራበት ቤት ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ ሰፊዎቹም ጠዋት የተቀመጡ ማታ ነው የሚነሱት። ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ ሽንት ቤት ገብቶ ደም ያየ ቀን ፊቱ ያሳብቅበታል። ሌሎቹ ምንም ሳይጠይቁ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃሏ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ይሰፉና ወንበሩ ላይ ያስቀምጡለታል። ያጨበጭቡለታል። ከዚያ ወዲያ ስሙ «ሊቀመንበር» ነው።

ባሌም እንዲሁ ተሾመ። ማታ ቤት ሲገባ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

«ሐኪም ዘንድ አትሄድም?» አልኩት።

«ሄጄ ምን ልበል? ሱሪዬን ለማላውቀው ሰው ላውልቅ? ኪንታሮት ነው አንቺ፣ የወንበር ግብር ነው። አንጋፋውን አታይውም? ከወጣትነቱ ጀምሮ ይደማል፤ ይኸው ሁላችንንም ቀብሮ ነው የሚሄደው።»

አንጋፋው የቤቱ ትልቅ ሰፊ ናቸው። «እኔን እዩኝ!» ማለት ይወዳሉ። እውነትም የእሳቸው ኪንታሮት ነው፤ አንድ ጊዜ ታይተው ተነግሯቸዋል። የእሳቸው ኪንታሮት ስለሆነ የሌላውም ኪንታሮት የሚሆን ይመስል! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወራት አለፉ። ባሌ ሽንት ቤት መመላለስ አበዛ፤ ይሄዳል፣ አልወጣልኝም ብሎ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያስር መምሰል ጀመረ። ብርድ ብርድ አለኝ እያለ ቤት ውስጥም ደራርቦ ይለብሳል። ስጨቀጭቀው ይቀልድብኛል። እኔም ዓይኔን ልብሱ ላይ ጥዬ እጽናናለሁ። ሰው ሲከሳ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ሱሪው ነው፣ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ባሌ ነው። መንገድ ላይ አንዱን ሰውዬ አይቶ «ይሄ ታሟል፤ ወገቡ ላይ ሱሪው ተሸብሽቧል» ይለኝ ነበር። የእሱ ሱሪ ግን ልክ ነው። ልክክ ብሎ ተቀምጧል።

አንድ ቀን ልብስ እየተኮሰ ሳለ ወደቀ። ሆስፒታል ያመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አጠገቡ ባለው መኪና ላይ ነው የሚሰፋው። ስደርስ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም እየጠየቀችው ነበር። ደም ከመቼ ጀምሮ? ቀይ ነው ጥቁር? የሰገራ ልማድ ተለውጧል? እየተሽኮረመመ መለሰላት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«ክብደት ቀንሰዋል?»

«ኧረ የለም ዶክተር! ልብሱን ይዩት፣ ልኩ ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነርሷ አስተኝታው ሱሪውን አወለቀችና ለእኔ አቀበለችኝ። የልብስ ሰፊ ሚስት እጅ ሥራ አይፈታም፤ ሳላስበው ወገቡን ገለበጥኩት። አንድ ስፌት አለ። ከጎኑ ሌላ፣ ከእሱ ጎን ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በከሳ ቁጥር እያጠበበ፣ በከሳ ቁጥር እያጠበበ ሲለብሰው ኖሯል። እንዴት ያለ ቆንጆ ስፌት! ቀና ስል አልጋው ላይ እግሮቹን አየኋቸው። የማላውቀው ሰው እግሮች ነበሩ።

«አንተ ሰው» አልኩት።

«እንዳትሰጊ ብዬ ነው» አለኝ።

አንጀቱን በካሜራ አዩት። ካንሰር ነው፤ ወደ ጉበቱም ሄዷል። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ነው፤ ግን አይተን እንጂ ገምተን አንልም። ደሙ ከደጋገመ መታየት ነው። ሰው ከከሳ፣ ከደከመው፣ የሽንት ቤት ልማዱ ከተለወጠ ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደሙ አልቆም ካለ በዚያው ሰዓት ነው መምጣት። ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ...» አለችና ተወችው። ስለተወችው ውስጤ አመሰገናት።

«ወንድም ወይ እህት አላቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

በጣቴ አሳየኋት። ወንድሙ አግዳሚው ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል።

«እሳቸውም ይመርመሩ፤ ይህ በሽታ በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል። ደም ባያዩም እንኳ።»

ነገርኩት። «እኔ ደህና ነኝ እትዬ» አለኝ። በነጋታውም ደህና ነኝ፣ በሳምንቱም ደህና ነኝ።

ባሌ ቤት ተኛ። ሱሪ ማጥበብ ተወ፤ የሚደብቀው ሰው አልነበረማ። አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘኝ።

«ወንድሜ ከፈራ አይናገርም፤ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው። ጠይቀሽው ቢምል አትመኚው። ሱሪውን ገልብጪ።»

ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤቱ ሰፋብኝ። ያጠበባቸውን ልብሶች ቁም ሳጥን ውስጥ ሳያቸው ለጎረምሳ የተሰፉ ይመስላሉ። ዕቃዎቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፤ እሱ ብቻ የለም።

ትንሽ ስጠነክር መቀሱንና ሜትሩን ልወስድ ወደ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። መኪኖቹ ጸጥ አሉ። አንጋፋው ተነስተው አለቀሱ። የባሌ ወንበር ባዶ ነው፤ ያቺ ክብ ትራስ ግን የለችም። ዞር ስል ወንድሙ ተቀምጦባታል።

«ማስታወሻ ብዬ ነው እትዬ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

«ተነስ።»

«እትዬ፣ ሰው ፊት...»

«ተነስ አልኩህ!»

ተነሳ። ሱሪው ልክክ ብሎ ተቀምጧል። እዚያው ወንዶቹ ሁሉ እያዩ ቀበቶውን ፈትቼ ወገቡን ገለበጥኩት። ክሩ አዲስ ነው። አንጋፋው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ክንዱን ይዤ አወጣሁት። በሩ ላይ ስንደርስ እንደ ሕፃን እጅጌዬን ያዘኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያጠበብኩት አንዴ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ፍጠን» አልኩት። «የጋሼህ አራት ነበር።»