ከካናዳ የመጣው ድምፅ

ሉየን አቶ ካንግን የጠረጠረችው ሾርባዋን ሳይቀምስ ስላመሰገነ ነው። ማንኪያውን ገና ሳያነሳ «እትዬ፣ በቪን ከተማ እንዲህ ያለ ሾርባ የለም» አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህች የቬትናም ከተማ እባብ መሰሉን የጭቃ ዓሣ እየበለተች ለገበያተኛ ሾርባ ስትሸጥ፣ ቀምሶ የሚያማርርም ቀምሶ የሚያመሰግንም አይታለች። ሳይቀምስ የሚያመሰግን ግን የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው ነው።

የፈለገው ልጇን ነበር። ዚየፕ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ካንግ ደግሞ ተማሪዎችን ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች የሚልክ «ሰማያዊ አድማስ» የሚባል ቢሮ አለው። ትምህርት ቤታቸው ድረስ መጥቶ በረዶ የለበሰ የካናዳ ኮሌጅ ፎቶ ካሳያቸው ወዲህ ልጅቷ ምግብም እንቅልፍም ጠልታለች። የትምህርት ማስረጃዋንና ፓስፖርቷን ወስዳ ለቢሮው ያስረከበችውም ለእናቷ ሳትነግር ነው።

«ዋናውን ነው የሰጠሽው? ኮፒውን አይደለም?» አለች ሉየን ስትሰማ።

«ሁሉም ሰው ዋናውን ነው የሰጠው፣ እማ።»

«ሁሉም ሰው ማን ይባላል? እስቲ ስሙን ጥሪልኝ።»

«አንቺ እኮ ሰው አታምኚም! ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ማን ላከው ብለሽ ትጠይቂያለሽ።»

ሉየን በማግስቱ ቢሮው ሄዳ፣ እስካሁን ከላካቸው ልጆች አንዷን በስልክ እንዲያገናኛት ካንግን ጠየቀችው። ካንግ ዓይኑን ሳያሽ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጣት።

«ኋይ ትባላለች። የዬን ታይን ወረዳ ልጅ ናት፣ የእኛው አገር ሰው። አሁን ቶሮንቶ ነው ያለችው። የፈለጉትን ይጠይቋት፣ እትዬ።»

እንዲህ ፈጥኖ መስጠቱም አላማራትም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ገበያው ጋብ ሲል ደወለች። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። መምህራኑ ደጎች ናቸው፣ ማደሪያው ንጹሕ ነው፣ አቶ ካንግ እንደ ታላቅ ወንድም ነው አለቻት። ሁሉም የተጠና ይመስላል።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሉየን።

«ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ እትዬ። ልተኛ ስል ነው የደወሉልኝ።»

ይህን ስትል ከስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ከሩቅ፣ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ የተቀዳ ጥሪ ነው። «ትኩስ ዳቦ! የሳይጎን ትኩስ ዳ…» ይልና ይቆረጣል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ልጅቷ «መስመሩ አስቸገረ፣ እትዬ» ብላ ዘጋችው።

ሉየን ስልኩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በከተማው ውስጥ ዳቦን «ዳ» ብሎ የሚውጥ ድምፅ ማጉያ ያለው አንድ ብስክሌት ብቻ ነው፣ የዳቦ ሻጩ የሽማግሌው የቲን። ሁለት ሳሕን ሾርባ ቀድታ ሳትጨርስ ሽማግሌው በማዕዘኑ በኩል ብቅ አሉ።

«ጋሼ ቲን! አሁን ከየት ነው የመጡት?»

«ከየት እመጣለሁ፣ ከጨረቃ? ከላይኛው መንገድ ነዋ፣ ከባንኩ ጀርባ።»

«ካናዳ አልደረሱም?»

«ጎማዬ ይለጠፍና ነገ እሄዳለሁ» አሉና እየሳቁ አለፉ።

ሉየን አልሳቀችም። «ሰማያዊ አድማስ» ያለው ላይኛው መንገድ ላይ፣ ከባንኩ ጀርባ ነው።

ማታ ለዚየፕ ስትነግራት ልጅቷ ቱግ አለች። «ካናዳ ውስጥ ቬትናማዊ የለም? ዳቦ አይሸጥም?»

«ከምሽቱ አምስት ሰዓት? በብስክሌት?»

ዚየፕ ፊቷን አዙራ ተኛች። ጠዋት ላይ ግን ሳትጠራ ጫማዋን አድርጋ እናቷን በር ላይ ጠበቀቻት።

የቢሮው እንግዳ መቀበያ ልጆቻቸውን ይዘው በመጡ ወላጆች ሞልቷል። ካንግ ሉየንን ሲያይ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ኋይን አነጋገሯት?»

«አነጋገርኳት፤ ደስ አለኝ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ አሁን ልደውልላት ነው። እነዚህም ይስሙ።»

«አሁን እንኳ ተኝታ ይሆናል።»

«ትነሳለች። የእኛው አገር ሰው አይደለች?»

ደወለች። «መዝገብ ቤት» ተብሎ ከተጻፈበት በር ኋላ ስልክ ጮኸ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ጮኸና ድንገት ታፈነ። ከወላጆቹ አንዱ፣ እጁ በሲሚንቶ የሻከረ ጎልማሳ፣ «ካናዳ ለካ ቅርብ ናት!» አለ። ማንም አልሳቀም።

ካንግ ሳይቀድማት ሉየን በሩን ከፈተችው። ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ የታጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ ይዛለች። ከኋላዋ በረዶ የታተመበት ሰፊ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል፤ ምስማር ላይ ወፍራም የብርድ ካፖርት ተሰቅሏል። ውጭ ሙቀቱ ሰው ያፈላል።

«ኋይ አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዓመት ከሦስት ወር።» ድምፅዋ የስልኩ ድምፅ አልነበረም፤ የገጠር ልጅ ድምፅ ነው። እንደነገረቻቸው፣ ካንግ ማመልከቻዋ ላይ የሐሰት የሥራ ማስረጃ አያይዞ ነበርና ቪዛ ሁለቴ ተከለከለች። ፓስፖርቷን ይዞ፣ እስኪያስተካክልላት ድረስ ወላጆችን በስልክ እንድታነጋግር አደረጋት።

«እናትሽስ?»

«ካናዳ ያለሁ ነው የሚመስላት። ፎቶዬን ለመንደሩ ሁሉ ታሳያለች።»

ሉየን ብዙ ክፉ ነገር አስባ ነበር የመጣችው፤ ይህን ግን አላሰበችም።

ካንግ «ይህ የቢሮው የውስጥ ጉዳይ ነው» ማለት ሲጀምር ያ ጎልማሳ የውጪውን በር በጀርባው ተደግፎ ቆመ። «የልጆቻችንን ወረቀት» አለ። «አሁኑኑ።» ሌሎቹም ተነሱ። ካንግ ፊታቸውን አየና መሳቢያውን ከፈተ። ሉየን የልጇን ማስረጃ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ማኅተሙን በብርሃን አየች፣ በጣቷም ዳበሰችው። ከዚያ ዘወር ብላ «የኋይስ?» አለች።

ካንግ በዚያው ሳምንት ቢሮውን ዘግቶ ጠፋ። ፖሊሶች መጥተው የሁሉንም ቃል ተቀበሉ።

ኋይ መንደሯ መግባት ፈርታ አራት ቀን ሉየን ዘንድ ሳሕን ስታጥብ ቆየች። ሉየን አበላቻት፣ አስተኛቻት፤ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ የኖረች ልጅ ናትና የራሷን የገንዘብ ቦርሳ ግን ከወገቧ አልፈታችም። በአምስተኛው ቀን በሞተር ሳይክሏ አፈናጥጣ ዬን ታይን አደረሰቻት። እናትየው ሩዝ ማሳው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ነበር። ልጇን ማሳው ዳር ስታይ ቀና አለችና ሻንጣ ይኖር እንደሆን ከኋላዋ ተመለከተች።

«መቼ ገባሽ?»

«አልሄድኩም፣ እማ።»

እናትየው የያዘችው ቡቃያ በእጇ እንዳለ ከማሳው ወጥታ የልጇን ፊት አየች። «ከስተሻል» አለቻት። ሉየን ሌላውን ለመስማት አልቆየችም።

ዚየፕ ለሳምንታት ከእናቷ ጋር ከአንድ ቃል በላይ አልተነጋገረችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሣ እየበለቱ ሳለ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ ለኮሌጁ ራሴ ብጽፍላቸውስ?»

«በእንግሊዝኛ? ምን እንደጻፍሽ በምን አውቃለሁ?»

«በእኛ ቋንቋ እያነበብኩ እነግርሻለሁ።»

«የምታነቢልኝ የጻፍሽው መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?»

ዚየፕ ከዚያ ቢሮ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሉየን ግን እየቀለደች አልነበረም። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ በርጩማዋን ወደ ልጇ አስጠጋች።

«በይ ጀምሪ» አለች። «ቀስ ብለሽ።»